እማዬ፣ የጠዋቱን ጣና አላየሽውም

እማዬ እንዴት ነሽልኝ? ዓይንሽስ? ይሄን እትዬ ታንብብልሽ ብዬ ነው በቴሌግራም የምጽፈው፣ አንቺ ስልኩ ላይ እንዳታፈጪበት። እትዬ ደግሞ አንቺም እያሳጠርሽ አታንብቢላት፣ እንዳለ አንብቢላት፣ ወደታች ያለውንም።

ማሰሪያው የተፈታ ቀን የተቀረጸውን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየሁት። "ይሄ መጋረጃ ሰማያዊ ነው እንዴ፣ አረንጓዴ ነበር እኮ" ስትዪ። ሞራው ሁሉን ነገር ወደ ቢጫ ይወስደዋል ያሉን ለካ እውነት ነው፣ እኛ እርጅና ነው እያልን ስንት ዓመት ዝም ብለን አስቀመጥንሽ፣ እሱ ይቆጨኛል። ጠብታውን በሰዓቱ አድርጊ፣ ቢያሳክክሽም አትሺው፣ ጎንበስ ብለሽ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ቡናውን እኔ ካልቆላሁት ብለሽ ጭስ ውስጥ እንዳትገቢ ደግሞ፣ አውቅሻለሁ እኮ።

እኛ ደህና ነን። ትልቁ ለፈተና እያጠና ነው፣ ትንሿ አራተኛ ክፍል ሆና አሁንም ጥርሷ ይወልቃል፣ ባለፈው የወለቀውን አያቴ ስትመጣ ላሳያት ብላ በክብሪት ቀፎ አስቀምጣልሻለች። እናታቸው ትስምሻለች። የጓሮ ጣሪያሽ ያፈስ የነበረውን አሠርቼዋለሁ።

ሌላ ምን ልንገርሽ። ባጃጅ ትቻለሁ። በቤንዚን ሰልፉ ምክንያት ደንበኛዬ አንድ ቀን ይመጣል ሁለት ቀን ይቀራል፣ ክፍለ ጊዜ ሲያልፈኝ ሰልችቶኝ ሳይክል ገዛሁ። አዎ ሳይክል። ቆይ ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ።

ከአባይ ማዶ ትምህርት ቤት ድረስ 9 ዓመት ስመላለስ ባጃጅ ውስጥ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ነው፣ ድልድዩን መሻገሬን የማውቀው ሲያንገጫግጨኝ ነበር። አሁን በአዲሱ ድልድይ ነው፣ 380 ሜትር ነው፣ ለሳይክል የራሱ መስመር አለው፣ መሀሉ ላይ ቆም ብዬ አባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲመጣ አያለሁ። ከዛ ደግሞ፣ ይሄን ነው ስፈራ የቆየሁት፣ በከተማው በኩል አልሄድም። በሐይቁ ዳር ነው የምሄደው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጣና እንደ ረጋ እርጎ ነው እማዬ። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ይመጣሉ፣ የመቅዘፊያው ድምፅ ዳር ድረስ ይሰማል። ቀረሶ የሚያጠምድ አንድ አባት ታንኳውን ሊያደርቅ ሲያቆም አገኘሁትና ለምን በጠዋት ብቻ ትገባላችሁ አልኩት። "ከሰዓት ጣና የሰው አይደለም፣ ንፋስ ይነሳል" አለኝ። በቃ ይሄን ብቻ። እኔ ሳይክሌን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፣ አርፍጄም ሄድኩ።

ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ። በየዓመቱ ለልጆቹ ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው እላለሁ፣ ይሄን ስል ወደ ሰሌዳው ዞሬ ነው የምለው፣ ፊቴን እንዳያዩት። የከሰዓቱን ንፋስ ግን አንድም ቀን አላስተማርኩም፣ አላውቀውማ። እኛ ያን ቀን የሄድነው በ9 ሰዓት ነበር። ውሃው ሲገለባበጥ ትዝ ይለኛል፣ ወንድሜ ሲስቅም ትዝ ይለኛል። ስሙን እዚህም መጻፍ አቃተኝ።

እማዬ ሳይክሉን ለምን ሸጥሽው?

27 ዓመት ሆነው። አርባው በወጣ በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግድግዳው ላይ የመሪው ጭረት ብቻ ቀርቶ አገኘሁ። የአባዬ ሳይክል ነበር፣ አባዬ ከሞተ በኋላ በእጃችን የቀረ ሌላ የሱ ነገር አልነበረም። በ350 ብር እንደሄደ የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው፣ አንቺ አይደለሽም። 14 ዓመቴ ነበር፣ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አንተ ነህ ከኋላህ ጭነህ የወሰድከው ማለቷ ነው ብዬ። አላልሽኝም እኮ። ባለማለትሽ ነው የገባኝ። ብትመቺኝ ይሻለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ብትጮሂብኝ አለቅስና ታቅፊኝ ነበር። አንቺ ግን ራት አቀረብሽልኝ፣ ብላ አልሽኝ፣ ከዛ ሰፈር ለቀቅን፣ ጊዮርጊስ እንኳን ስትሳለሚ በሐይቁ በኩል መምጣት ተውሽ፣ በከተማው ዞረሽ። እኔም ካንቺ ጋር ዞርኩ፣ ይኸው እስካሁን።

ዛሬ አባት ሆኜ ሳስበው ሌላ ነገር ይመጣብኛል፣ እኔንም እንዳይወስድብሽ ፈርተሽ ይሆን እላለሁ። ይሄ ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም? አንዲት ቃል ናት እኮ። ካልሆነም፣ ተቆጥተሽብኝ ከሆነም ንገሪኝ፣ አሁን 41 ዓመቴ ነው እችለዋለሁ። ጥፋቱን በንፋስ ላላክክ አይደለም፣ ጭኜ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ግን ስለ ንፋሱ የነገረን ሰው አልነበረም፣ ይሄን እንድታውቂልኝ ፈልጌ ነው።

አሁን ዋናውን ልበል። ትንሿን ሳይክል እያስተማርኳት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ በሐይቁ መንገድ። ውሃው ጋ አትደርስም፣ እኔ በውሃው በኩል ሆኜ ነው የምነዳው፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ ቤት እንገባለን። እናቷ ለአያቷ አትንገር ብላኝ ነበር። መደበቁ ግን ያው የሳይክሉ ነገር ሆነብኝ፣ አልቻልኩም።

አንቺ የምታውቂው ጣና የዛን ቀን የ9 ሰዓቱን ነው። የጠዋቱን አላየሽውም፣ እኔም እስከ ዘንድሮ አላየሁትም።

ሐኪሙ መንገድ ሲፈቅድልሽ በአውቶብስ እንዳትመጪ፣ አቧራውም መንገጫገጩም ይጎዳሻል፣ የአውሮፕላኑን እኔ እከፍላለሁ፣ ከእትዬ ጋር ስለ ብሩ አትከራከሩ። ከመጣሽ በኋላ አንድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በባጃጅ ልውሰድሽ፣ ጊዮርጊስን ተሳልመን ትንሽ ዳር ላይ እንቀመጥ። ጋቢሽን ያዢ፣ ይበርዳል። አይ አልችልም ካልሽ እንደ ድሮው በከተማው ዞረን እንመለሳለን፣ ምንም አልልሽም።

መልሱን ግን በእትዬ አትላኪብኝ። ራስሽ ደውይልኝ፣ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

ልጅሽ