ፕሌይኦፉ ከመስፋቱ በፊት የኮንፈረንሱ ሰንጠረዥ ይስተካከል

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የሚደረገው ክርክር አንድ ቁጥር ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፦ ብሔራዊ ሻምፒዮኑ በጥሎ ማለፍ ወደሚለይበት ፕሌይኦፍ የሚገባው 12 ቡድን ይሁን፣ 16 ይሁን ወይስ 24? ዩኒቨርሲቲዎቹ ተቧድነው ከሚወዳደሩባቸው ማኅበራት፣ ከኮንፈረንሶቹ መካከል፣ ኤስኢሲ 16ን ይደግፋል፣ ቢግ ቴን እስከ 24 ይመኛል። ጉተታው ዋናውን ጉድለት ጋርዶታል። ጉድለቱ ያለው ከፕሌይኦፉ በታች፣ ቡድኖቹን አጣርቶ መላክ በሚገባው የኮንፈረንስ ሰንጠረዥ ላይ ነው። እዚያ ያልተጣራ ውድድር 16 ቡድን ቢገባበትም 24 ቢገባበትም አይጠራም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእግር ኳስ ሊግ ሁሉም ከሁሉም ጋር ደርሶ መልስ ስለሚጫወት፣ አንደኛ የወጣው ክለብ ለምን አንደኛ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። አንድ የኮሌጅ ፉትቦል ቡድን ግን በመደበኛው የውድድር ዘመን 12 ጨዋታ ብቻ ነው ያለው፤ ከእነዚህ ውስጥ የኮንፈረንሱ 8 ወይም 9 ናቸው። ኮንፈረንሱ 10 ቡድን ቢኖረው 9 ጨዋታ ሁሉንም ያዳርስ ነበር። ዛሬ ቢግ ቴን 18 ቡድን አለው፤ እያንዳንዱ 9 ጨዋታ ሲያደርግ ከ17 ተጋጣሚዎቹ 8ቱን በዚያ ዓመት አያያቸውም። 17 ቡድን ያለው ሌላው ኮንፈረንስ ኤሲሲ በ2025 በ8 ጨዋታ ነው የተወዳደረው፤ እዚያም ከ16 ተጋጣሚ 8ቱ ሳይነኩ ቀሩ። አንዱ በተከታታይ ከጠንካሮቹ ጋር ሲላተም ሌላው ከደካሞቹ ጋር ተጫውቶ ይጨርሳል፤ ከዚያ ሁለቱ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ይሰፍራሉ። ኢንዲያና በ2024 11 አሸንፎ 1 ሲሸነፍ፣ ኦሪጎንንም ፔን ስቴትንም ሳይገጥም ነበር። ጥፋቱ የኢንዲያና አይደለም፤ መርሐ ግብሩ ነው እንዲያ የወጣው።

እዚህ የተደረሰው በቴሌቪዥን ገንዘብ ግፊት ነው። ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ በ2022 ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ ሲያስታውቁ የነበሩበት የምዕራብ ጠረፍ ኮንፈረንስ ፓክ 12 መፍረስ ጀመረ፤ በ2023 በጋ ኮሎራዶ፣ ኦሪጎን፣ ዋሽንግተን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ተከታትለው ወጡ። በፓስፊክ ጠረፍ ያሉት ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ በአትላንቲክ ጠረፍ ስም ወደሚጠራው ኤሲሲ ገቡ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሌላ፣ ብዙ ያልተወራለት ነገር ሆኗል። የኮንፈረንስ ፍጻሜ ለማዘጋጀት በሁለት ምድብ መከፈልን ይጠይቅ የነበረው የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የኤንሲኤኤ ደንብ በ2022 ተነሣ፤ ትልልቆቹ ኮንፈረንሶችም አንድ በአንድ ምድቦቻቸውን አፈረሱ። ኮንፈረንሶቹ ሲሰፉ ምድብ የበለጠ ያስፈልግ ነበር። የተደረገው ተቃራኒው ነው።

ውጤቱ በ2025ቱ ኤሲሲ ላይ በግልጽ ታየ። ቨርጂኒያ በ7 ድልና በ1 ሽንፈት አንደኛ ሆነ። ለፍጻሜው ሁለተኛ ተጋጣሚ ሲፈለግ ማያሚ፣ ዱክ፣ ጆርጂያ ቴክ፣ ፒትስበርግና ኤስኤምዩ እኩል 6 ድልና 2 ሽንፈት ይዘው ተገኙ። ሁሉም እርስ በርስ አልተጫወቱም፤ ማያሚና ዱክ ለምሳሌ በዚያ ዓመት ጭራሽ አልተገናኙም። ስለዚህ ያለያያቸው በኮንፈረንሱ የገጠሟቸው ቡድኖች የድል መቶኛ ሆነ፤ ማለትም ሌሎች ሰዎች በሌሎች ሜዳዎች ያደረጉት ነገር። በዚህ ስሌት ዱክ አለፈ፤ ፍጻሜውንም በተጨማሪ ሰዓት 27 ለ20 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ነገር ግን ወደ ፍጻሜው የመጣው በጠቅላላ 7 ድልና 5 ሽንፈት ይዞ ስለነበር፣ ፕሌይኦፉ በዚያ ዓመት በቀጥታ ይቀበላቸው ከነበሩት አምስት ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ሻምፒዮኖች ተርታ አልገባም። ከትናንሾቹ ኮንፈረንሶች ቱሌንም ጄምስ ማዲሰንም በለጡት። ለኤሲሲ ፍጻሜ ያልበቃው ማያሚ ግን የፕሌይኦፉን ቡድኖች ደረጃ በሚያወጣው ኮሚቴ ምርጫ 10ኛ ሆኖ ገባ፤ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን፣ ኦሃዮ ስቴትንና ኦሌ ሚስን ጥሎ ብሔራዊ ፍጻሜ ደረሰ፤ እዚያ ነው በኢንዲያና 27 ለ21 የተረታው። ሻምፒዮኑን ከውጭ አስቀርቶ ለፍጻሜ እንኳ ያላበቃውን ቡድን እስከ አገሪቱ የመጨረሻ ጨዋታ ያደረሰ ኮንፈረንስ፣ የማጣራት ሥራውን አልሠራም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ይመራናል። ቢግ ቴን 18 ነው፤ ሁለት ምድብ በ9 በ9። እያንዳንዱ በምድቡ ካሉት 8ቱ ጋር ይጫወታል፣ አንድ ጨዋታ ከሌላው ምድብ ይጨምራል፤ ዛሬ ካለው 9 ጨዋታ ጋር ልክ ይገጥማል። ምዕራቡ ዩኤስሲ፣ ዩሲኤልኤ፣ ኦሪጎን፣ ዋሽንግተን፣ ነብራስካ፣ አይዋ፣ ሚኒሶታ፣ ዊስኮንሲንና ኢሊኖይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምሥራቁ ሚሺጋን፣ ሚሺጋን ስቴት፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ፔን ስቴት፣ ሜሪላንድ፣ ረትገርስ፣ ኢንዲያና፣ ፐርዱና ኖርዝዌስተርን። የኦሃዮ ስቴትና የሚሺጋን፣ የኢንዲያናና የፐርዱ የቆየ ፍልሚያ በየምድቡ ይጠበቃል። ከሚለያዩት ባላንጣዎች መካከል ኢሊኖይና ኖርዝዌስተርን ይገኛሉ፤ እነሱ አንዷን የውጭ ጨዋታ በቋሚነት እርስ በርስ ይጠቀሙባት። ኤስኢሲና ቢግ 12 እያንዳንዳቸው 16 ናቸው፦ 7 የምድብ ጨዋታና 2 የውጭ፣ ድምር 9። ወሳኙ ደንብ ደግሞ ይህ ነው፦ በምድቡ ሰንጠረዥ ላይ የሚቆጠረው የምድብ ጨዋታ ብቻ ይሁን። የውጭዎቹ ለኮሚቴውና ለተመልካቹ ይቆያሉ፤ ምድቡን ግን አያዛቡም።

ይህ የመጨረሻው ደንብ ኤሲሲን ከሌላ ጣጣ ያወጣዋል። ኤሲሲ ወደ 9 ጨዋታ ለመሸጋገር ወስኗል፤ ነገር ግን 17 ቡድን በ9 ሲባዛ 153 ነው፣ ለሁለት አይካፈልም። ሁሉም እኩል 9 ሊጫወት ስለማይችል ቢያንስ አንዱ 8 ይዞ ይቀራል፣ ከዚያም 7 ድልና 1 ሽንፈት ይበልጣል ወይስ 7 ድልና 2 ሽንፈት የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል። በ9ና በ8 ተከፍሎ የምድብ ጨዋታ ብቻ ቢቆጠር፣ አንዱ ምድብ 8፣ ሌላው 7 ጨዋታ ይኖረዋል፤ በየምድቡ ውስጥ ግን ሁሉም ተመሳሳይ ፈተና ወስዷል።

በምድብ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ባዶ አይደለም። ቢግ ቴን ከ2014 እስከ 2023 በምሥራቅና በምዕራብ ተከፍሎ ሲጫወት አሥሩንም ፍጻሜ የወሰደው የምሥራቁ ምድብ ነው። ይህ ግን ፕሌይኦፉ በ4 ቡድን በነበረበት ዘመን ነው የጎዳው፤ በጠንካራ ምድብ ሁለተኛ መውጣት ያኔ ብዙ ጊዜ ከውድድሩ መውጣት ማለት ነበር። 12 ቡድን በሚገባበት ውድድር ሁለተኛውም ሦስተኛውም በር አለው። ከአራቱ የፓስፊክ ጠረፍ ቡድኖች መምጣት በኋላ ደግሞ ምዕራቡ የድሮው ምዕራብ አይደለም።

ምድብ አንፈልግም የሚል ኮንፈረንስ ካለ፣ የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ ከ2024 ጀምሮ የሚሠራበትን ይውሰድ። 36 ክለብ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ነው፣ እያንዳንዱ 8 ጨዋታ ብቻ አለው፤ ነገር ግን ክለቦቹ በአራት ቋት ተመድበው እያንዳንዱ ከየቋቱ ሁለት ተጋጣሚ ይደርሰዋል። ሁሉም ከሁሉም ባይጫወትም የተጋጣሚው ክብደት ተቀራራቢ ነው። ለ16 ቡድን ኮንፈረንስ ይህ በቀላሉ ይሠራል፦ ባለፉት አራት ዓመታት ውጤት መሠረት አራት ቋት፣ ከየቋቱ 2 ተጋጣሚ፣ አንድ ደግሞ ቋሚ ባላንጣ፣ ድምሩ 9። ኤስኢሲ ከ2026 የሚጀምረው 3 ቋሚና 6 ተለዋዋጭ ተጋጣሚ ያለው መርሐ ግብር ከቀድሞው የተሻለ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ከሁሉም ይገናኛል። ዋንጫው ግን የሚሰጠው በየዓመቱ ነው፣ ስለዚህ ሚዛኑ በዚያው ዓመት መጠበቅ አለበት።

አሁን ወደ ፕሌይኦፉ። በሁለቱ የ12 ቡድን ዓመታት የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ካለፉት 8 ቡድኖች ሩብ ፍጻሜውን ያሸነፈው 1 ብቻ ነው፣ የ2025ቱ ኢንዲያና። በመጀመሪያው ዙር በሜዳቸው ከተጫወቱት 8 ግን 6ቱ አሸንፈዋል። በ2024 ለጊዜው ሌላ ምክንያት ነበር፤ ዕረፍቱ ለአራት ሻምፒዮኖች ብቻ ይሰጥ ስለነበር በኮሚቴው 9ኛና 12ኛ የነበሩት ቦይዚ ስቴትና አሪዞና ስቴት 3ኛና 4ኛ ሆነው ተቀመጡ። ያ ደንብ በ2025 ቀርቷል፤ ሆኖም ከአራቱ ሦስቱ እንደገና ወደቁ። ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው ረጅም ዕረፍት ነው፦ ኦሪጎን በ2024 ከዲሴምበር 7 እስከ ጃንዋሪ 1፣ 25 ቀን ሳይጫወት ቆየ፤ ተጋጣሚው ኦሃዮ ስቴት ቴነሲን ገጥሞ የመጣው ከ11 ቀን በፊት ነበር፤ 41 ለ21 አለቀ። ሁለተኛው ሜዳው ነው። ሩብ ፍጻሜው በቦውል (በውድድር ዘመኑ መጨረሻ በሚደረጉት የቆዩ ትልልቅ ጨዋታዎች) ስታዲየሞች፣ በገለልተኛ ሜዳ ይደረጋል፤ ስለዚህ 5ኛ የሆነ ቡድን በገዛ ደጋፊው ፊት ሲጫወት 1ኛ የሆነው ከዓመቱ ፕሌይኦፍ አንድም የሜዳ ጨዋታ አያገኝም። የበለጠ ያሸነፈ ያነሰ ያገኛል።

ስለዚህ ሩብ ፍጻሜው ወደ አራቱ ባለ ዕረፍት ቡድኖች ሜዳ ይሂድ፣ ቀኑም ይቅረብ፦ የኮንፈረንስ ፍጻሜ እንደ ዛሬው በዲሴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ፤ የመጀመሪያው ዙር በሚቀጥለው ዓርብ ማታና ቅዳሜ ማታ፣ የቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ለሁለቱ የጦር አካዳሚዎች፣ ለአርሚና ለኔቪ፣ ጨዋታ ተትቶ፤ ሩብ ፍጻሜ በሦስተኛው ቅዳሜና እሑድ፤ ግማሽ ፍጻሜ ጃንዋሪ 1 በቦውሎቹ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 1ኛው ከቀሩት ዝቅተኛውን እንዲያገኝ ድልድሉ እንደገና ይውጣ። ዋጋው የሚታወቅ ነው፦ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የፈተና ሳምንት ከዚሁ ጋር ይጋጫል፣ ስድስቱ ቦውሎችም ተራቸው ይቀንሳል። ብርዱ ግን ሰበብ አይሆንም። ከታች ባለው የኤፍሲኤስ እርከን ከ2013 ጀምሮ 24 ቡድን እየተወዳደረ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ድረስ በየዩኒቨርሲቲው ሜዳ ይጫወታል፤ ዲሴምበር ላይ ሞንታና ውስጥ ጣሪያ በሌለው ስታዲየም ሳይቀር።

ቀኑ መቅረቡ ሌላም ቁስል ያሽራል። በ2026 ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ የሚቀይሩበት መስኮት ጃንዋሪ 2 ተከፍቶ ጃንዋሪ 16 ተዘጋ፤ ብሔራዊ ፍጻሜው ጃንዋሪ 19 ነበር። የኦሌ ሚስ አሰልጣኝ ሌን ኪፊንም ቡድናቸው ለፕሌይኦፍ ሲዘጋጅ በ2025 ኖቬምበር 30 ላይ ወደ ኤልኤስዩ ሄዱ። ውድድሩ በጃንዋሪ መጀመሪያ ሳምንት ካለቀና መስኮቱ ከፍጻሜው በኋላ ከተከፈተ፣ ዋንጫ የሚጠብቅ ልጅ በዚያው ሳምንት የሚቀጥለውን ዓመት ቡድኑን ለመምረጥ አይገደድም።

ኮሚቴውን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። በየማክሰኞው ምሽት በቴሌቪዥን የሚታወጀው ደረጃ ይቅር፤ ከኮንፈረንስ ፍጻሜዎች በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይውጣ። በ2025 ኖተር ዳም ለሳምንታት ከማያሚ በላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱም ባልተጫወቱበት የመጨረሻ ሳምንት ማያሚ ከበላዩ ሆነና ኖተር ዳም ቀረ። ማያሚ በመክፈቻው ሳምንት 27 ለ24 አሸንፎታልና መጨረሻው ትክክል ነበር። ግን ያ ውጤት ከመጀመሪያው ቀን የታወቀ ነው፤ በመጨረሻው ቀን እንደ አዲስ መታየቱ ነው ሰውን ያስቆጣው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም በቢግ ቴን ነው፤ ከዚህ አካባቢ ልጆቻቸውን ወደዚያ ለሚልኩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ጉዳዩ ከፉትቦል ይሰፋል። ለፉትቦል ቴሌቪዥን ሲባል የተሰፋው ካርታ የመረብ ኳሱንም፣ የእግር ኳሱንም ተጫዋች በትምህርት ሳምንት መካከል ወደ ሎስ አንጀለስና ወደ ሲያትል ያመላልሳል። የፉትቦል አባልነት ከሌሎቹ ስፖርቶች ይለይ። ኖተር ዳም ከ2013 ጀምሮ በፉትቦል ለብቻው ቆሞ አብዛኞቹን ሌሎች ስፖርቶቹን በኤሲሲ ውስጥ ያወዳድራል፤ ስለዚህ አሠራሩ አዲስ አይደለም። ቢግ ቴንም በፉትቦል 18 ሆኖ ቢቀር፣ የሜሪላንድ ቮሊቦል ከረትገርስና ከፔን ስቴት ጋር በአውቶቡስ እየተመላለሰ ቢጫወት የሚጣስ ደንብ ካለ፣ የኮንፈረንሱ ኃላፊዎች የትኛው እንደሆነ በይፋ ይንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣው አንባቢ፣ ከሜሪላንድ