ስለ መጥረቢያው

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እዚህ ሚኒያፖሊስ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ ጀምሮናል።

ባለፈው እሑድ «ልጁ በላከልኝ ፎቶ ላይ ጎረምሶቹ ተሸክመው የሚሮጡት ምንድን ነው?» ሲሉኝ ስልኩ ተቋረጠ። መጥረቢያ ነው፣ አባባ። ዋንጫቸው ነው።

ልጁ የሚማርበት የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከጎረቤቱ ከዊስኮንሲን ጋር መጋጠም የጀመረው በ1890 ነው፤ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። ኳሱ የእኛ ዓይነት አይደለም፣ በእጅ ይዘውት እየተላተሙ የሚሮጡት ነው። ከ1948 ወዲህ ያሸነፈ መጥረቢያውን ይወስዳል። ዛቢያው ከእርስዎ ቁመት ይበልጣል፤ የየዓመቱ ውጤት ተጽፎበታል። ጨዋታው እንዳለቀ አሸናፊዎቹ ይዘውት ይሮጡና የግቡን ቋሚ እንደ ባሕር ዛፍ የሚጥሉ ይመስላሉ። ሚኒሶታ 14 ዓመት በተከታታይ ተሸንፎ በ2018 በሰው ሜዳ ሲያስመልሰው፣ ስድሳ ያለፈው የሥራ ባልደረባዬ ሰኞ ድምፁ ተዘግቶ መጣ። እርስዎም ጊዮርጊስ በቡና የተሸነፈ ዕለት ከጎረቤት ሰላምታ ያቆሙ ነበር፤ ስለዚህ አልፈረድኩበትም።

ከሚሺጋን ጋር የሚጫወቱት ለገንቦ ነው። በ1903 የሚሺጋን ሰዎች ውሃ መያዣ ብለው በ30 ሳንቲም ገዝተው፣ 6 ለ6 ከተለያዩ በኋላ ረስተውት ሄዱ። ሚኒሶታዎች ደግሞ የራሳቸውን 6 በትልቁ፣ የእንግዶቹን 6 በትንሹ ጻፉበት!

ከአዮዋ ጋር የሚፎካከሩበትን ብነግርዎ በስመ አብ ይላሉ፤ አሳማ ነው። ከነሐስ የተሠራ፣ 45 ኪሎ ግድም። ነገሩ ግን ከሳቅ አልጀመረም። በ1934 ኦዚ ሲመንስ የሚባለውን የአዮዋ ጥቁር ተጫዋች የሚኒሶታ ልጆች ክፉኛ ደበደቡት። በዓመቱ አዮዋዎች ቂም ይዘው ሲጠብቁ፣ የሚኒሶታው ገዥ ኦልሰን ነገሩን ለማብረድ በአሳማ እንወራረድ ብሎ ለአዮዋው ገዥ ቴሌግራም ላከ። ሚኒሶታ 13 ለ6 አሸነፈ፤ ተሸናፊው ገዥም ነፍስ ያለውን አሳማ እየነዳ ኦልሰን ቢሮ ምንጣፍ ላይ አስገባው። ሰው የሚያወራው ስለ አሳማው ነው። እኔን ያልወጣልኝ ግን የተደበደበው ልጅ ነው።

መጥረቢያውን ሳይ ግን የእርስዎ የወይራ ዛቢያ ነው ትዝ ያለኝ፤ ደጅ ተቀምጠው በጠርሙስ ስባሪ ሲፍቁት፣ እኔ ፍቅፋቂውን ሳፍስ። እህቴ እንደነገረችኝ አሁንም በእሱ ይፈልጣሉ። ከግፊቱ መድኃኒት ጋር አይሄድም፣ አባባ። ለፈላጭ የሚሆን ከዚህ ወር ጀምሮ ጨምሬ እልካለሁ። ፈላጩ ግን የራሱን ይዞ ይምጣ፤ ያንን እኔ እስክመጣ ከበሩ ኋላ ያስቀምጡልኝ።

ልጅዎ