ጨርቁ ከመገዛቱ በፊት ዝቃጩ ይመርመር

ክቡር አዘጋጅ፣

ዝቃጭን ከውሃው ለመለየትና የባሕር ዳርቻን ከመሸርሸር ለመከላከል ስለሚያገለግሉት የጨርቅ ከረጢቶች፣ ማለትም ስለ ጂኦቴክስታይል ቱቦዎች፣ ያወጣችሁትን ዘገባ በጉጉት አነበብኩት። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ስለ ዝቃጭና ደለል የሚጽፍልን ጋዜጠኛ ስለማናገኝ ዘገባው ደስ አሰኝቶኛል። ቅር ያሰኘኝ ግን ጨርቁ ከተገዛ ነገሩ ሁሉ ያለቀ የሚያስመስለው አቀራረብ ነው። ከጨረታ ሰነዶችም የማየው ይህንኑ ነው፤ የጨርቁ ጥንካሬ በሦስት ገጽ ይዘረዘራል፣ ወደ ውስጡ ስለሚገባው ነገር ግን አንድ መስመር እንኳ አይጻፍም።

ቱቦው ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ የፕላስቲክ ክር ተሸምኖ ጠርዝ ለጠርዝ የተሰፋ ረጅም ከረጢት ነው። ከኩሬ ወይም ከወደብ ወለል የተጠረገ ደለል ከውሃ ጋር ተደባልቆ ከላይ ባሉት አፎች በፓምፕ ይገባል። ውሃው በጨርቁ ሰርጎ ይወጣል፣ ጠጣሩ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ዘገባችሁ ትክክል ነው። ነገር ግን ለዚህ ሥራ በብዛት የሚውለው ጨርቅ የቀዳዳው ስፋት ወደ 0.4 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ የሸክላ አፈር ቅንጣት ደግሞ ከ0.002 ሚሊሜትር ያንሳል። በሩ ከእንግዳው ሁለት መቶ ጊዜ ይሰፋል ማለት ነው። ታዲያ ጭቃው አብሮ የማይወጣው ለምንድን ነው?

መልሱ ፖሊመር የተባለው አያያዥ ኬሚካል ነው። ዝቃጩ ቱቦው ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ገና በቧንቧው ሲጓዝ፣ የተመጠነ ፖሊመር ይጨመርበታል። ደቃቅ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ አያይዞ በጨርቁ የማያልፉ ቋጠሮዎች ያደርጋቸዋል። ይህን ለማየት ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በአንድ ብርጭቆ ዝቃጭ ላይ ጥቂት የፖሊመር ሟሟ ጠብ አድርጎ በቀስታ ማማሰል ይበቃል፤ መጠኑ ከተስማማ ድፍርሱ ይቋጠርና በቋጠሮዎቹ መካከል ጥርት ያለ ውሃ ብቅ ይላል። በኃይል ከተማሰለ ግን ቋጠሮው ተበጣጥሶ ፈሳሹ እንደገና ይደፈርሳል። ቀጥሎ ከዚያው ጨርቅ የተቆረጠ ቁራጭ በማንቆርቆሪያ አፍ ላይ ተዘርግቶ ዝቃጩ ይፈስበታል፤ ከሥር የሚወርደው ውሃ ስንት ደቂቃ እንደፈጀና ምን ያህል እንደጠራ ይመዘገባል። ከዚያ በተንጠለጠለ ትንሽ ከረጢት ከዚህ በበለጠ መጠን ይሞከራል። ይህ ሁሉ ከጠቅላላው ሥራ አንጻር ኢምንት ወጪ ነው፤ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

በቅርብ የማውቀው አንድ ሥራ ላይ የፖሊመሩ መጠን ለሌላ ኩሬ ተሠርቶ ከነበረ ሰነድ እንዳለ ተገልብጦ ታዘዘ። መጠኑ በዝቶ ስለነበር ከዝቃጩ ጋር ሳይያያዝ የቀረው ፖሊመር ጨርቁን ከውስጥ ለስኖ ዘጋው። ቱቦዎቹም ውሃ እንዳዘሉ ወራት ተቀመጡ። ሁሉም ጣቱን የቀሰረው በጨርቁ አምራች ላይ ነበር። ልብ ይባል፣ በአንድ ኩሬ ውስጥ እንኳ መግቢያው ላይ ያለው ዝቃጭ አሸዋማና ወፍራም፣ ወዲያ ማዶ ያለው ደቃቅና ቀጭን ሊሆን ስለሚችል መጠኑ ፓምፑ በሚሠራበት ሰዓት ሁሉ መስተካከል አለበት።

ዘገባችሁ ከቱቦው የሚወጣውን ውሃ ንጹሕ ብሎታል። ጥርት ያለ ውሃና ንጹሕ ውሃ ለየቅል ናቸው። ከቅንጣት ጋር የተጣበቀ ብረትና ዘይት በአብዛኛው ቱቦው ውስጥ ይቀራል፤ በውሃው የሟሟ አሞንያ፣ ናይትሬት ወይም ብረት ግን ጨርቁን ከምንም ሳይቆጥር ያልፋል። ትርፍ ፖሊመር ራሱ፣ በተለይ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ዓይነት፣ የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። ስለዚህ ከቱቦው ሥር ውሃ የማያስተላልፍ ንጣፍ፣ በላዩ ጠጠር፣ በጎኑ ደግሞ ፈሳሹን ሰብስቦ ወደ ማጣሪያ የሚወስድ ቦይ ያስፈልጋል። በዩናይትድ ስቴትስ ኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የኦኖንዳጋ ሐይቅ ጽዳት እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ወደ 1.7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የተበከለ ደለል በቱቦዎች የሞላው እንዲህ ባለ ንጣፍ ላይ ሲሆን፣ ለውሃው ማጣሪያ ጣቢያ ተሠርቶለት ነበር። ያም ሆኖ የሽታው ነገር ጎረቤቶችን አስቆጥቶ ቱቦዎቹን መሸፈን ግድ ሆኗል።

ስለ አሞላሉ ጥቂት ልበል። ቱቦ ሲሞላ ክብ አይሆንም፣ ጠፍጠፍ ይላል። ወደ ክብነት በቀረበ ቁጥር በስፌቱ ላይ የሚያርፈው ውጥረት እጅግ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሳንቲሜትሮች ለማትረፍ የሚደረገው ስስት ስፌት ያፈነዳል። አምራቹ የሰጠው የከፍታ ልክ ሲደረስ ፓምፑን አቁሞ፣ ውሃው ሲወርድ ተመልሶ መሙላት ነው። መሬቱ ወደ ጎን ካዘነበለም አዲስ የተሞላ ቱቦ ሊንከባለል ይችላል፤ ከአጠገቡ የሚቆም ሠራተኛ ይህን ማወቅ አለበት።

በዘገባችሁ ስለ ባሕር ዳርቻው የተጻፈው ከዝቃጭ ማድረቁ ሥራ ጋር ተደባልቋል። ለመሸርሸር መከላከያ የሚሆን ቱቦ የሚሞላው በአሸዋ ነው፤ ጭቃ ከተሞላ ሲደርቅ ይሟሽሽና ከፍታውን ያጣል። ጸሐይ ፖሊፕሮፒሊንን ታደክማለች፤ ማዕበል የሚገፋው ግንድ ወይም የአንድ ባለጌ ቢላዋ ደግሞ ይቀደዋል፤ በተቀደደበት በኩልም አሸዋው ይፈሳል። ስለዚህ በአሸዋና በዕፅዋት ተሸፍኖ እንደ ድብቅ አከርካሪ ቢቀመጥ ይበጃል፤ ከፊቱም ማዕበሉ ሥሩን እንዳይቦረቡር ንጣፍ ያሻዋል። በቴክሳስ ጋልቨስተንና ቦሊቫር ዳርቻዎች እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ ፍራንሲስ የተባለ ማዕበል በኋላ የተዘረጉት ቱቦዎች አነስተኛ ማዕበሎችን ቢመክቱም፣ በ2008 አይክ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ክፉኛ ተጎድተዋል። ከእነርሱ ያን ያህል መጠበቅም አልነበረብንም።

በሚቀጥለው ዘገባችሁ ግን ጋዜጠኛችሁ የደረቀው ዝቃጭ መጨረሻው የት እንደሆነ እንዲጠይቅልኝ እለምናለሁ። ቱቦው ተቀድዶ ጠጣሩ በኤክስካቫተር ይጫናል፤ የተበከለ ከሆነ የትም ሊደፋ አይችልም፣ ጨርቁ ራሱም የፕላስቲክ ቆሻሻ ይሆናል። የማጓጓዣውና የማስወገጃው ሥራ በውሉ ላይ ካልሰፈረ፣ ተቋራጩ ርክክብ ፈጽሞ ሲሄድ ቱቦዎቹ እዚያው ይቀራሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የውሃና የአካባቢ መሐንዲስ