ከአምስት ደቂቃው በኋላ፦ ስለ ንቅሳትና ስለ ጆሮ መበሳት ለልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። የአያትሽን ስም «ፀሐይ» ብለሽ አንጓሽ ላይ በውስጥ በኩል ለመነቀስ፣ የጆሮሽንም የላይኛውን ክፍል ለመበሳት እንዳሰብሽ ጽፈሻል። የምጽፍልሽ ልቆጣሽ አይደለም። ገላው የራስሽ ነው፣ ዕድሜሽም ደርሷል። ያንን ቪዲዮ አምነሽ እንዳትወስኚ ግን እለምንሻለሁ።

እስቲ እንደገና ክፈቺውና አብረን እንየው። መጀመሪያ የሚታየው ነጭ እጅ ነው። መርፌው ትንሽ ይጮኻል፣ ነቃሹ በወረቀት ፎጣ አንዴ ጠረግ ሲያደርገው ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ዙሪያው ላይ ሊኖር የሚገባው ቅላት የለም፤ በመብራትና በማስተካከያ ጠፍቷል። ቆዳው እርጥብ ስለሆነ ቀለሙ ከልኩ በላይ ጠቁሮ ይታያል። ንቅሳት በዕድሜው ሙሉ እንደዚያች አምስት ደቂቃ አምሮ አይታይም። ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን ሲላጥና ሲያሳክክ፣ በ2ኛው ሳምንት ሰም እንደተቀባ ሲደበዝዝ፣ በ10ኛው ዓመት መስመሩ ሲወፍር የሚቀርጸው ሰው የለም። ቢቀርጸውም ብዙ ሰው አይጫነውም፤ ስለዚህ ወደ ስልክሽ የሚመጣው ያ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው።

የመወፈሩን ምክንያት ልንገርሽ። መርፌው ቀለሙን የሚያስቀምጠው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። እዚያ ያሉት ማክሮፌጅ የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ቀለሙን እንደ ባዕድ ነገር ይውጡታል፣ መፍጨት ግን አይችሉም። ሴሉ ሲሞት ቀለሙን ይለቀዋል፣ አጠገቡ ያለው ተተኪ ሴል መልሶ ይውጠዋል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚቆየው በዚህ ቅብብል ነው፤ ሲቆይም ጥቂት ጥቂት ከቦታው ይንሸራተታል። መርፌው ከልኩ በላይ ከገባ ደግሞ ቀለሙ ከቆዳ ሥር ወዳለው ስብ ፈስሶ በመስመሩ ዙሪያ ሰማያዊ ደመና ይሠራል። የአንጓ ውስጠኛ ቆዳ ስስ ስለሆነ ይህ ስሕተት እዚያ በቀላሉ ይደርሳል።

አሁን ይህንን ወደ «ፀሐይ» አምጪው። የ«ፀ» ሆድ ውስጥ ሰረዝ አለች፣ «ሐ» ሦስት እግር አላት። አሁን ፋሽን በሆነው የፀጉር ያህል በቀጠነ መስመር፣ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ቁመት ከተጻፈ፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። መስመሩ ሲወፍር ክፍተቱ ይደፈናል፤ «ፀ» ጥቁር ነጥብ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ የፊደሉ ቁመት ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፣ ክፍተቱም ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ነቃሹ አማርኛ ስለማያነብ እንደ ሥዕል ነው የሚገለብጠው፤ የጎደለች ቅጥያ አይታየውም። ከስልክ ላይ እንዳይገለብጥም እፈራለሁ፤ ሰው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል፣ «ፀሀይ» ብሎም ይጽፋል። በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ መሆኑን በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ።

ሌላው የቆዳሽ ነገር ነው። ቆዳሽን ያጠቆረው ሜላኒን ከቀለሙ በላይ ባለው ሽፋን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ንቅሳቱ የሚታየው ሻይ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ እንደሚታይ ነገር ነው። ቢጫ፣ ነጭና ፈዛዛ ሮዝ እዚያ ውስጥ ይጠፋሉ። ጥቁርና ጥልቅ ቀለም ይታያል። ለሥራው ማሳያ የሚለጠፉት ፎቶዎች አብዛኞቹ ነጭ ቆዳ ላይ የተሠሩ ናቸው። እንዳንቺ ጠይም የሆነ ሰው ላይ የሠራውን፣ ያውም ከዳነ ቢያንስ አንድ ዓመት የሆነውን እንዲያሳይሽ ጠይቂው። የሚያሳየው ከሌለው ሌላ ነቃሽ ፈልጊ።

የአያትሽን የአንገት ንቅሳት ታስታውሻለሽ። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በትግራይ ሴቶች አንገታቸውን፣ ግንባራቸውን በመስቀል፣ ድዳቸውንም ይነቀሱ ነበር፤ በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጉ፣ ጥቀርሻ እየገባበት። ድድ ሲጠቁር ጥርስ ነጥቶ ይታያል፣ አዝማሪውም ንቅሳቷን ያወድስ ነበር። በኋላ ትምህርት ቤቱ፣ መጽሔቱና ቴሌቪዥኑ ያልተነቀሰ ፊት «የሰለጠነ» ፊት እንደሆነ እያሳዩ መጡ፣ ብዙ እናቶችም አንገታቸውን በነጠላ መሸፈን ጀመሩ። እስራኤል ከገቡት የቤተ እስራኤል እናቶች ግንባራቸው ላይ መስቀል ይዘው የሄዱ አሉ፤ በአይሁድ አገር የመስቀል ምልክት ተሸክሞ መኖር ከብዷቸው በሌዘር ያስጠፉም አሉ። እና ዛሬ ያቺ ነጭ ልጅ አንጓ ላይ ያየሽው ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ካርቦን ብላክ ነው፤ በፋብሪካ የተዘጋጀ ጥቀርሻ ማለት ነው። ያው የአያትሽ ቀለም በአንድ ዕድሜ ውስጥ ጌጥ፣ ነውር፣ እንደገና ፋሽን ሲሆን ሳስብ አያትሽ አንገቷን እየሸፈነች የኖረችበት ዘመን ያሳዝነኛል።

አንቺ ባለሽበት አገር በአሜሪካም እንዲሁ ነው የሆነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ)። ሳሙኤል ኦራይሊ የኤሌክትሪክ መንቀሻውን ኒውዮርክ ላይ ያስመዘገበው በ1891 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በጋዜጣና በፊልም የሚታየው ንቁስ ሰው መርከበኛ፣ እስረኛ ወይም የሰርከስ ሰው ነበር። ኒውዮርክ ከተማ በ1961 በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ንቅሳትን ከለከለች፣ እስከ 1997ም አልፈቀደችም። በ2005 «ማያሚ ኢንክ» የሚባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ሲመጣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ማውራት ጀመረ፦ የሞተ ወንድሜን ላስታውስበት ነው፣ ልጅ ወለድኩ፣ ከበሽታ ተረፍኩ። ተመልካቹ ንቅሳትን ከወንጀል ሳይሆን ከሐዘንና ከፍቅር ጋር ማገናኘት ተማረ። አንቺም የአያትሽን ስም ስትመርጪ በዚያው ቋንቋ እየተናገርሽ ነው፣ ፍቅርሽ እውነት መሆኑን ግን አልጠራጠርም። ቴሌቪዥኑ ያልነገረሽ የሰዓቱን ርዝመትና የማግስቱን ቁስል ነው፤ የሦስትና የአራት ሰዓት ሥራ በደቂቃዎች ተቆርጦ ነበር የሚቀርበው።

ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት ከአሜሪካ አዋቂዎች 32 በመቶው ቢያንስ አንድ ንቅሳት አላቸው፤ ከሴቶቹ 38፣ ከወንዶቹ 27 በመቶ። 80 በመቶው ሰው ኅብረተሰቡ ባለፉት 20 ዓመታት ገደማ ንቅሳትን ይበልጥ ተቀብሏል ብሏል። ከተነቀሱት ውስጥ ግን 24 በመቶው ቢያንስ በአንዱ ንቅሳታቸው ይጸጸታሉ። ከአራት አንድ ማለት ነው። የእነዚያ ቪዲዮ ግን ስልክሽ ላይ አይመጣም።

ተቃራኒው ምስልም አልጠፋም። በማርች 2025 አሜሪካ ከ200 በላይ ቬኔዝዌላውያንን ኤልሳልቫዶር ወደሚገኘው ሴኮት እስር ቤት ስትልክ፣ ለወንበዴ ቡድን አባልነት ከተጠቀሱት ምልክቶች አንዱ ንቅሳት ነበር። የዚያ እስር ቤት ምስል ደግሞ በየዜናው የሚታየው ራሱን የተላጨ ንቁስ ሰው ነው። አንቺ በተማሪ ቪዛ ያለሽ ልጅ ነሽ። አክሊል፣ ኮከብ፣ ሰዓት፣ ቁጥር የመሳሰሉት ለሌላ ሰው ሌላ ትርጉም ሊሰጡ ይችላሉ፤ የአያትሽ ስም ከእነሱ ይሻላል። ሥራን በተመለከተ ቨርጂን አትላንቲክ በ2022 የበረራ አስተናጋጆቹ ንቅሳታቸውን እንዲያሳዩ ፈቀደ፣ የአሜሪካ ጦርም በዚያው ዓመት በእጅና ከአንገት ኋላ ትንሽ ንቅሳትን ፈቀደ። ኤሚሬትስ ግን ዩኒፎርም ሲለበስ እንዳይታይ ይጠይቃል። አንጓ በአጭር እጅጌ ይታያል፤ ከብብት ዝቅ ብሎ ያለው የክንድ ውስጠኛ ክፍል ግን ካልፈለግሽ አይታይም፣ ፀሐይም አያገኘውም። ትከሻና ደረት ላይ አታድርጊው፤ ለምን እንደሆነ ቀጥዬ ልንገርሽ።

ኬሎይድ የሚባለው ጠባሳ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ከነጮቹ ይበልጥ ይወጣል፤ የሚወደውም ጆሮን፣ ደረትን፣ ትከሻንና የጀርባን የላይኛውን ክፍል ነው። ጆሮሽ በሕፃንነትሽ ተበስቶ ምንም አለመሆኑ ማስረጃ አይሆንሽም፤ ከ11 ዓመት በኋላ የሚበሳ ጆሮ ከዚያ በፊት ከተበሳው ይልቅ ለኬሎይድ የተጋለጠ ነው። በአባትሽም በእኔም በኩል ክትባት ወይም ቀዶ ጥገና አብጦ የቀረበት ዘመድ እንዳለ እየጠየቅሁ ነው፤ አለ ካሉኝ የላይኛውን ጆሮ እንድትተዪው ነው የምለምንሽ። ከተበሳ በኋላ የምታዪውን እብጠትም ለዪ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀዳዳው አጠገብ የሚወጣ ቀላ ያለ ጉብታ ብዙውን ጊዜ የመቆጣት ምልክት ነው፣ ምክንያቱ ሲወገድ ይመለሳል። ከወራት በኋላ ጠንክሮ ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድገው ኬሎይድ ነው፤ ያኔ ቀጥታ የቆዳ ሐኪም ጋ።

በፎቶ የምታዪው በአምስትና በስድስት ትናንሽ ወርቅ የተሞላው ጆሮ የዓመታት ሥራ ነው። የታችኛው ጆሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበቃዋል። የላይኛው ልም አጥንት ግን የደም ሥር ስለሌለው ከ6 እስከ 12 ወር ይፈጃል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ፣ በማትተኚበት በኩል። ገበያ አዳራሽ ውስጥ በሽጉጥ በሚበሱት ዘንድ አትቀመጪ። ሽጉጡ ደነዝ ጌጥ በኃይል ስለሚያስገባ ልም አጥንቱን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ፕላስቲክ ክፍሉም አውቶክሌቭ በሚባለው በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን ሙቀት ስለሚበላሽ አይቀቀልም። ውስጡ ክፍት በሆነ፣ ለአንድ ሰው ብቻ በሚያገለግል መርፌ ይበሳ። ጌጡ ኤኤስቲኤም ኤፍ136 የተባለውን መለኪያ ያሟላ ቲታኒየም ይሁን፤ «ሰርጂካል ስቲል» የሚለው ስም ብቻውን ቆዳ የሚያስቆጣው ኒኬል እንደሌለው አያረጋግጥም። የመጀመሪያው ዘንግ ለእብጠቱ ቦታ እንዲተው ረዘም ይላል፤ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሰሽ በአጭር ማስቀየር አለብሽ። ሰው የሚረሳው ይህንን ነው፤ ረጅሙ ዘንግ በፀጉርና በትራስ እየተጎተተ ቀዳዳውን ያጣምመዋል፣ ያ ጉብታም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ማጽጃው 0.9 በመቶ የሆነ ንጹሕ የጨው ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ነው፣ ሌላ ምንም። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አዲሱን ሥጋ ያቃጥሉታል። አታዙሪው፣ አትነካኪው። ጆሮሽ ከላይ ቀልቶ፣ ግሎ፣ አብጦ ከጠዘጠዘሽ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ሱዶሞናስ የሚባለው ጀርም ልም አጥንቱን በቀናት ውስጥ ሊበላውና ጆሮውን ሊያጨማድደው ይችላል። ጌጡን ራስሽ አታውጪው፤ ቀዳዳው ሲገጥም መግሉን ውስጥ ይዘጋዋል።

መነቀሻ ቤቱ ስትሄጂ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ሳይሆን እጁን እዪ። መርፌው ከታሸገ ከረጢት ፊትሽ ይከፈት፣ የጊዜ ገደቡን አንብቢ። ቀለሙ ወደ ትንሽ የአንድ ጊዜ ስኒ ይቀዳ፤ ማቅጠን ካስፈለገም ጀርም በሌለው (ስቴራይል) ውኃ ብቻ። በ2011 መጨረሻ ሮቸስተር ኒውዮርክ ላይ 19 ሰዎች በተበረዘ ግራጫ ቀለም የቆዳ ኢንፌክሽን ይዟቸዋል፤ ነቃሹ ንጹሕ፣ ቀለሙ ግን ከፋብሪካው የተበከለ ነበር። ጓንት አድርጎ ስልኩን ካነሳ ጓንቱን ይቀይር፣ ካልቀየረ ተነሺ። ማደንዘዣ ቅባት በኢንተርኔት አትግዢ፤ ከ4 በመቶ በላይ ሊዶኬይን ያለበትን የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2024 አስጠንቅቆበታል። በሰፊው ተቀብቶ በፕላስቲክ ሲሸፈን ወደ ደም ገብቶ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል።

ቤት ስትገቢ ሽታ በሌለው ሳሙና በእጅሽ እጠቢው፣ በስሱ ቅባት ቀቢው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ገንዳ ውስጥ አትግቢ። ቅቤ አይነካው፤ ንጹሕ ቢመስልም ቁስል ላይ የሚቀባ አይደለም። «በሌዘር ይጠፋል» የሚልሽንም አትስሚ። ጥቁር ቀለም እንኳ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዙር፣ በየ6 እና 8 ሳምንቱ ይፈልጋል፤ ጠይም ቆዳ ላይ በ1064 ናኖሜትር ሌዘር ካልሆነ ነጭ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ስሙን በተፈጥሮ ሂና እዚያው ቦታ ላይ ጻፊውና እስኪለቅ ሁለት ሳምንት ኑሪበት፤ ቡናማ ነው የሚወጣው። «ጥቁር ሂና» የሚሉትን አትንኪ፣ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ስላለበት ያቆስላል። ሁለቱ ሳምንት አልፎ አሁንም ከፈለግሽው፣ ነቃሹ ስቴንስሉን (ጽሑፉን ቆዳ ላይ የሚያትምበትን ወረቀት) ክንድሽ ላይ ሲለጥፍ መርፌ ሳይነሣ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ፊደሏን አንብቤ እመልስልሻለሁ። እዚህ ሌሊት ቢሆንም ስልኬ ክፍት ነው።

እናትሽ