የኮሚኬ ቀጣይ ክፍል ትንሽ ይቆያል
ሰላም ቤተሰብ፣ እማዬ ታማብኝ ሆስፒታል ከሷ ጋ ነው የማድረው፣ ቀን ደሞ የቤት ኪራይ የምከፍልበትን የሎጎ ሥራ እሠራለሁ፣ ስለዚህ ኮሚኩን የምነካው ማታ እሷን እንቅልፍ ሲወስዳት ነው። ጃፓን ውስጥ በየሳምንቱ ወደ 20 ገጽ የሚያወጡት ሰዓሊዎች እኮ ባክግራውንዱን የሚሠሩላቸው፣ ጥቁሩን የሚሞሉላቸው ረዳቶች አሏቸው፣ እኔ ጋ ግን ታሪኩም ስዕሉም ቀለሙም የንግግር አረፋው ውስጥ የሚገባው ጽሑፍም ሁሉም በኔ እጅ ነው። የእርሳሱ ሥራ አልቋል፣ ኢንኩ (እርሳሱ ላይ በቀለም ብዕር መሳሉ) እና ቀለም መቀባቱ ቀርቷል፣ ልጅቷ አባቷን የምታገኝበትን ገጽ ግን በጥድፊያ መሥራት በፍጹም አልፈልግም። እስከዛ ስኬቾቹን እዚሁ ቴሌግራም ላይ እለቃለሁ። ለኮሚኩ የምታዋጡትን የዚህን ወር መዋጮ ለጊዜው ማቆም የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ በጣም ነው የምረዳችሁ። እማዬን በጸሎት አስቧት።