ከሰው እጅ ኪኒን አትቀበል

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እህትህ «ደውዪለትና ንገሪው» ብላኝ ነበር። ብደውልልህ «እማዬ አይሰማም፣ ኔትወርክ ነው» ብለህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። አውቅሃለሁ። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም።

እዚያ አብሮህ የሚሠራው ልጅ ለእናቱ ነግሯታል። እናቱ ደግሞ ለእኔ ለመንገር ሦስት ቀን ፈጀባት። ቡና ልትጠጣ መጥታ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርታ ትሄዳለች። በሦስተኛው ቀን አወጣችው። ቅዳሜ ሌሊት መድረክ ላይ እንቅልፍ ይዞህ ሄደ አሉ። ጣትህ አንዷን የኪቦርድ ቁልፍ እንደተጫነች ቀረች፤ ዘፋኙ ቆሞ ጠበቀህ፤ ሰውም ቀልድ መስሎት አጨበጨበ። ከሰዓት ጫት፣ ማታ ቢራ፣ ከዚያ ትራማዶል የሚሉት ኪኒን። ሲጠይቁህ «ያለሱ ጣቴ አይፈታም» አልክ አሉ።

ይህችን ቃል አውቃታለሁ። አሁን የተቀመጥኩበት ሶፋ ላይ ሰምቻታለሁ። አባትህ «ያለሱ ትንፋሼ አይመጣም» ነበር የሚለው።

ወደ አባትህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ዋናውን ልንገርህ፣ ኋላ እንዳልረሳው። ከሰው እጅ ኪኒን አትቀበል። «ራስ ምታት ነው» ቢሉህም፣ «ቀላል ነው» ቢሉህም፣ ጓደኛህ ቢሆንም። ፋርማሲ የምትሠራውን የአክስትህን ልጅ ጠይቄያታለሁ። ትራማዶል ከሞርፊን ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ነው አለችኝ። ከመጠጥ ጋር ሲሆን ትንፋሽ ያዳክማል፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ሲበዛ ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋል። ብዙ ቀን ወስደኸው ከሆነም በራስህ ጊዜ ድንገት አትቁረጠው፤ ሐኪም ያውርድልህ ብላለች። ይህን በደንብ አንብብ። ድጋሚ አንብበው።

አሁን ወደ አባትህ።

ጫት ሐሳብ አያመጣም ብዬ አልዋሽህም። ያመጣል። አባትህ ሲመረቅን አሥር ዜማ ይጀምር ነበር። ሲጋራ ፓኮ ላይ፣ የመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ አንዴ የእኔ ነጠላ ጥለት ላይ ሳይቀር በእስክሪብቶ ጽፏል። የጨረሰው ግን የለም። በበነጋው ያንን ወረቀት ሲያይ ሌላ ሰው የጻፈው ነበር የሚመስለው። ደግሞ አስበው፤ እሱ የሚቅምበት ቤት ደላላው፣ የሚኒባሱ ሹፌር፣ ጡረተኛው ሻምበል፣ ሁሉም ያንኑ የወንዶ ጫት ነበር የሚቅሙት። ከአንድ እስር እየተካፈሉ። ሳክስፎን የሚነፋው አባትህ ብቻ ነበር። ዜማው ከቅጠሉ ቢሆን ኖሮ ሻምበሉም ባንድ ባቋቋመ ነበር።

በ1993 የመስቀል ሰሞን ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሠሩ። ያን ቀን ከምሳ ጀምሮ ቅሞ ነበር የሄደው። ሊነጋ ሲል መጣና ቀሰቀሰኝ። «ዛሬ እንደ ሰው አልተጫወትኩም፤ መልአክ ነው የነፋው» አለኝ። ዓይኑ ያበራል። ደስ አለኝ፣ ምን ልበልህ። ከባንዱ አንዱ በቴፕ ቀድቶት ኖሮ ከሰዓት ላይ ካሴቱን አመጣለት። ቴፑ ውስጥ ከተተውና ቁጭ ብለን ሰማን።

ሳክስፎኑ ይሮጣል። ድራሙ ሊደርስበት ይለፋል፣ አልቻለም። ትዝታው መሀል አንዲት ሐረግ አገኘና ወደዳት፤ ደጋገማት፣ ደጋገማት። እኔ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ኋላ ላይ ድምፁ ከፍ እያለ ከሌሎቹ ተለያየ። አባትህ አንድ ቃል አልተናገረም። ካሴቱን አውጥቶ በእጁ ሲያገላብጠው ቆየ። ከዚያ ከኪሱ ብር አውጥቶ ሰጠኝ።

ሄጄ ገዛሁለት። በኮባ ተጠቅልሎ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ትኩሱን መርጬ። ቅጠሉ ካደረ ኃይሉ እንደሚሄድ ያኔ ከነጋዴዎቹ እኩል አውቅ ነበር።

ካሴቱ አለ። እህትህ በስልኳ ቀድታዋለች፣ በቴሌግራም ትልክልሃለች። ቁጭ ብለህ ስማው። ከዚያ ያለፈው ቅዳሜ የተጫወትከውን የቀዳ ሰው ካለ እሱንም አስመጣና ጠዋት፣ በባዶ ሆድህ፣ ስማው።

ያ የሳክስፎኑ ሳጥን ክዳን ውስጥ የተለጠፈው ፎቶ ትዝ ይልሃል? ትፈራው የነበረው? አሜሪካዊው ሳክስፎን ነፊ ቻርሊ ፓርከር ነው። «ይህ ሰውዬ እኮ ሄሮይን እየወሰደ ነው እንዲህ የነፋው» ይለኝ ነበር አባትህ፣ እንደ ማስረጃ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ያሉ ወጣቶችም እንደዚያው አስበው ብዙዎች ተከትለውት ገደል ገቡ። እህትህ ስለ ሰውዬው ስታነብልኝ አመሸች። በ1946 እ.ኤ.አ. በሐምሌ ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ሲገባ ሄሮይኑ ጠፍቶበት ውስኪ ጠጥቶ ነበር፤ ማይክሮፎኑ ፊት ደግፈው ነው ያቆሙት። ከዚያ ወዲያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካማሪዮ የሚባል የአእምሮ ሆስፒታል ስድስት ወር ተኛ። የዚያን ቀን ቅጂ ሸክላ ሆኖ ሲወጣ ተናደደ፤ አፍሮበታል። በ1949 ደግሞ ለመጽሔት ምን እንዳለ ታውቃለህ? ዕፅ ተጠቅሜ ወይ ጠጥቼ የተሻለ እጫወታለሁ የሚል ሙዚቀኛ ዓይን ያወጣ ውሸታም ነው አለ። ራሱ! አባትህ ይህን አልሰማም። ፎቶው ብቻ ነበር የደረሰው። ፓርከር በ1955 በ34 ዓመቱ ሲሞት ሬሳውን ያየው ሐኪም ከ50 እስከ 60 ነው ብሎ ገምቶታል።

ሌላውን ሳክስፎን ነፊ፣ ሶኒ ሮሊንስን ደግሞ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። ፓርከር «ሄሮይኑን ትተሃል ወይ?» ሲለው «ትቻለሁ» ብሎ ዋሸው። ፓርከር ውሸቱን ሲያውቅ ያዘነበት ማዘን አላስተኛው አለና ኬንታኪ ውስጥ ሌክሲንግተን የነበረው የሱሰኞች ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ ሄዶ «አሁን እውነቴን ነው» ሊለው ነበር። ፓርከር የሞተው እሱ እዚያ ሆስፒታል እያለ ነው። እህትህ ይህን ስታነብ አቁሚ አልኳት። ሽሮዬ አረረ።

ምክንያቱም እኔም ያልተናገርኩት አለ።

አንድ ጊዜ ሬዲዮ ላይ ስትጠየቅ «ሙዚቃ የጀመርኩት አባቴ ጠዋት ጠዋት ሐይቅ ዳር ሲነፋ እየሰማሁ ነው» ብለሃል። እኔ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፤ ስኳር እየመዘንኩ። ልጄ፣ ያ «ጠዋት ጠዋት» የምትለው ሁለት ሳምንት አይሞላም። አባትህ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጠዋት ተነስቶ አያውቅም። 1999 ነው፣ አንተ አራት ዓመትህ። ጫት ተውኩ ብሎ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ሳክስፎኑን አልነካም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ዱካክ ያስጮኸዋል፣ በትንሽ ትልቁ ይቆጣል። በሁለተኛው ሳምንት አንተን ትከሻው ላይ አድርጎ አሞራ ገደል መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ቁርስ ይዤ ተከተልኳችሁ። አምባሰል ነበር የሚነፋው። አንዱን ድምፅ እስኪጨርሰው ሌላውን አይነካም። አንዱ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ቀርቷል። አንተ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለህ በሁለት የዓሣ አጥንት ድንጋይ ትመታለህ፤ ልክ በምቱ ላይ። አባትህም አየህና በአፉ ሳክስፎኑን እንደያዘ ሳቀ፤ ድምፁ ተሰበረ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየ።

በሃያኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፣ ሥራ አለ። የቤት ኪራይ ሁለት ወር አልፎናል። እሱ «ዛሬ አልችልም፣ ሌሊቱን ያለ ምንም ቆሜ አላውቅም፣ ልቅር» አለኝ። ፈርቷል። አራት ሰዓት ሙሉ በሰው ጫጫታ መሀል፣ ሁሉም እየጠጣ፣ እንዴት እንደሚቆም አያውቅም። አሁን ሳስበው ሙዚቀኛን የሚያስይዘው ይህ ይመስለኛል፤ ፈጠራ ምናምን አይደለም። ሰው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት መሥራት ነው። ከፊሉን ክፍያ በመጠጥ መቀበል ነው። ያኔ ይህን ብናገረው ኖሮ። ባቅፈው ኖሮ። እኔ ግን ያሰብኩት ኪራዩን ነው። መቀነቴን ፈትቼ ብር ይዤ ወጣሁ። እሱ አላዘዘኝም። ልጄ፣ እሱ አላዘዘኝም። ገዝቼ መጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ያን ማታ ሠራ። ኪራዩንም ከፈልን። ምርቃናውን ለማውረድ ጨብሲ፣ ጨብሲው ቢራ፣ ቢራው አረቄ ሆነ። በጉበት ነው የሞተው ብዬህ ነበር። እውነት ነው፣ ጉበቱ ነው። ጉበቱን ምን እንደበላው ነው ያልነገርኩህ።

ስለዚህ «እማዬ አይገባሽም» እንዳትለኝ። ይገባኛል። ከሰው እጅ ኪኒን አትቀበል። የእናትህም እጅ ቢሆን!

አሁን የምልህን አድርግ። በሚመጣው ሳምንት አማኑኤል ሆስፒታል ሂድ። አማኑኤል ስልህ አብደሃል ማለቴ አይደለም፤ የሱስ ሕክምናም ይሰጣሉ። ያን ኪኒን የሚያድልህን ልጅ ስልክ ቁጥሩን አጥፋ። መድረክ ላይ ለመቆም ከፈራህ ቅር፤ የዚያን ወር ኪራይ እኔ እችላለሁ፣ ዕቁቤ ወጥቷል። መጀመሪያ ጣትህ ይተሳሰርብሃል። አባትህም ሳምንት ሙሉ ሳጥኑን አልከፈተም። ያኔ አትደንግጥ፤ ደውልልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን። አልቆጣህም። እቆጣህ ይሆናል ግን ደውል።

ጋቢና ዳቦ ቆሎ በአጎትህ እጅ ልኬያለሁ። ጋቢውን በሙቅ ውሃ እንዳታጥበው። ቁርስ ብላ፤ ማኪያቶ ቁርስ አይደለም። ለታኅሣሥ ገብርኤል እንድትመጣ፣ ሰበብ አልሰማም። ሳክስፎኑ አልጋው ሥር አለ፣ አልሸጥኩትም። ሁለት ጊዜ ገዢ መጥቶ መልሼዋለሁ። ፎቶውን ግን ከክዳኑ ላይ ልላጠው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ፤ መጥተህ አንተው የምታደርገውን አድርግ።

ከሰው እጅ ኪኒን አትቀበል።

የምትወድህ እናትህ

ከጋቢው ውስጥ የተጠቀለለው ብር ለኪራይ ነው። ለአከራይህ ከሰጠህ በኋላ ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ ለእህትህ ላክላት፤ አያለሁ።