ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፦ መከላከያው ፓፍ ከጤና ጣቢያ አይጥፋ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። የ14 ዓመት ልጄ አስም አለበት። ባለፈው ሐምሌ ሌሊት ላይ ተነሳበት። ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ሁለት ቃል አከታትሎ መናገር አቃተው። ጎረቤት በመኪናው ሆስፒታል አደረሰን፤ በኦክስጅን አደረ።

በየቀኑ በአፉ የሚስበው መከላከያ ፓፍ፣ ቤክሎሜታዞን፣ ካለቀበት ወር አልፎት ነበር። የጤና መድን አለን፤ መዋጮውንም በጊዜው እንከፍላለን። በምንታከምበት ጤና ጣቢያ ግን «የለም፣ ውጭ ግዙ» ተባልን። ውጭ ያገኘነው ከአቅማችን በላይ ነው። ሲያፍነው የሚወስደውን ሌላውን ፓፍ፣ ሳልቡታሞሉን፣ ብቻ ይዘን ገባን።

ሁለቱ ፓፎች ግን አንድ አይደሉም። ሳልቡታሞል የጠበበውን የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ኃይሉ ያልቃል። የቧንቧውን መቆጣት አያበርደውም። እሱን የሚያበርደው ደህና በሆነበት ቀንም ሳይቋረጥ የሚወሰደው ቤክሎሜታዞን ነው። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ታዳጊዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዲታከሙ አይመክርም።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የአስም ታካሚዎቹን ቆጥሮ መከላከያውን በዚያ ልክ ይጠይቅ። ስሌቱ ቀላል ነው። አንዱ ፓፍ 200 ጊዜ ይረጫል። ልጄ ጠዋት 2፣ ማታ 2 ይወስዳል፤ 50 ቀን ይበቃዋል። በዓመት 8 ማለት ነው።

አወሳሰዱንም የሚያሳይ ሰው ይኑር። እናቴ «ፓፍ ከለመደ አይለቀውም» እያለች ስትሰጋ ኖራለች፤ በዚህ ፍርሃት መድኃኒቱን የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። እኛን ያዳነችን አንዲት ነርስ ናት፣ እግዜር ይስጣት። የግማሽ ሊትር ውሃ ፕላስቲክ አመጣች። ቂጡ ላይ የፓፉን አፍ የሚያህል ቀዳዳ አበጀች። ፓፉ እዚያ ይሰካል፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ አይቀርም፤ ብዙው ሳንባ ይገባል። ከዚያ አፉን ተጉመጥምጦ ይተፋል፤ አለበለዚያ ምላሱ ላይ ነጭ ነገር ይወጣበታል። ይህን ለማሳየት 10 ደቂቃ አልፈጀባትም።

አሁን የያዝነውን ፓፍ የጀመርነው ጥቅምት 5 ነው። ኅዳር 24 ያልቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ታካሚ እናት